ከኋላ ተፈናጣ ነው ወይስ በራሷ ሞተር? የሄልሜት ኢንተርኮም ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ ሄልሜት ስንጽፍ ኢንተርኮምን (ሄልሜት ላይ ተገጥሞ ሰዎች እየነዱ እንዲያወሩ ሚያደርገውን መሣሪያ) በአንድ መስመር ነክተን ስላለፍን ነው መሰለኝ ጥያቄው ጎርፏል፣ አብዛኛው ደሞ ከባልና ሚስት ነው። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ስም አንጠራም፣ ከተማ ብቻ ነው ምንጽፈው፣ ምክንያቱም ግማሹ ጥያቄ ባል በሚስት ላይ ወይ ሚስት በባል ላይ ያቀረበችው ክስ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምንኖረው። ባለቤቴ ሞተር መንዳት የጀመረው ድሮ ነው፣ እኔ ገና ዘንድሮ ላይሰንስ አውጥቼ የራሴን ገዛሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በ66 ሃይዌይ አድርገን ፍሮንት ሮያል እንደርስና የተራራውን መንገድ ስካይላይን ድራይቭን እንወጣለን። እስካሁን በእጅ ምልክት ነው ምንግባባው፣ አንዴ እሱ ነዳጅ እንሙላ ሲለኝ እኔ እንመለስ ያለኝ መስሎኝ ከሃይዌይ ወጥቼ ስንፈላለግ ዋልን። አሁን ኢንተርኮም እንግዛ በሚለው ተስማምተናል፣ የትኛውን በሚለው ግን አልተስማማንም። እሱ ፓክቶክ ኤጅ ሚባለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ጓደኞቹ ሜሽ ሚባለውን ዓይነት ይዘዋል፣ ጥንዱ ደሞ 700 ዶላር አካባቢ ነው። እኔ ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል ነው ምለው። ፍረዱን።

መልስ፦ እህቴ፣ ለሁለታችሁ ብቻ ከሆነ ፍርዱ ላንቺ ነው። ግን ባልሽም ዝም ብሎ አይደለም ያንን ያለው፣ ስለዚ ልዩነቱን ላስረዳ።

ተራው የብሉቱዝ ኢንተርኮም አንዱን ሄልሜት ከሌላው ጋር ቀጥታ ነው ሚያገናኘው። ሁለት ሰው ሲሆን በቂ ነው፣ ሶስትና አራት ሲሆኑ ግን በሰንሰለት ስለሚያያዙ መሀል ያለው ሰው ራቅ ካለ ወይ ባትሪ ከጨረሰ ከሱ ወዲያ ያለው ሁሉ ይቆረጣል። ሜሽ ሚሉት ይሄን ለመፍታት የመጣ ነው፣ እያንዳንዱ ሄልሜት በአካባቢው ካገኘው ሁሉ ጋር ይገናኛል፣ አንዱ ሲጠፋ ወሬው በሌላው በኩል ይዞራል፣ የጠፋው ሲመለስ ደሞ ማንም ምንም ሳይነካ ራሱ ይገባል። ፓክቶክ ኤጅ እስከ 15 ሰው ያገናኛል ሚባለው በዚ ነው። እናንተ ግን ሁለት ናችሁ፣ ወሬው ሚዞርበት ሶስተኛ ሰው የለም፣ እሱ ከተራራው ጀርባ ከተሰወረብሽ ሜሽ ሆነ ብሉቱዝ ያው ተሰወረ ነው። ሜሹ ሚበልጠው መልሶ ቶሎ በመያዝ ነው፣ ርካሾቹ ብሉቱዞች አንዳንዴ አንዴ ከተቆረጡ ቁልፍ ካልተጫኗቸው አይመለሱም፣ ያ እውነት ነው ያናድዳል፣ ግን መካከለኛ ዋጋ ያላቸው የታወቁ ብራንዶች ይሄንን ከፈቱት ቆይተዋል።

ባልሽ ትክክል ሚሆነው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ አንቺም ከጓደኞቹ ጋር አብረሽ ምትወጪ ከሆነ። ያኔ ሜሽ ጥሩ ነው፣ ግን ጓደኞቹ የያዙት የማንን እንደሆነ በመጀመሪያ ይጠየቅ፣ ምክንያቱም የካርዶ (ፓክቶክን ሚሠራው ኩባንያ) ሜሽና የተፎካካሪው የሴና ሜሽ እርስ በርስ አይሰማሙም። ጓደኞቹ ሴና ይዘው እሱ 700 ዶላሩን ፓክቶክ ላይ ካፈሰሰ በኋላ በተራ ብሉቱዝ ሊገናኛቸው ነው፣ ለዛ ደሞ ያ ሁሉ ወጪ አያስፈልግም ነበር።

ርቀት ላይ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እንዳለ አትቀበዪው። ከካርዶ ሞዴሎች ስፒሪት 400 ሜትር ይላል፣ ፍሪኮም 2ኤክስ 800፣ ፍሪኮም 4ኤክስ 1.2 ኪሎሜትር፣ ፓክቶክ ኤጅ 1.6 ኪሎሜትር። ይሄ ሁሉ ሜዳ ላይ፣ መሀል ላይ ዛፍም መኪናም ገደልም ሳይኖር ነው። ስካይላይን ደሞ 105 ማይሉን ሙሉ የተራራውን ጫፍ ይዞ እየተጠማዘዘ ነው ሚሄደው፣ ከአንዱ ጥምዝ ወዲያና ወዲህ ሆናችሁ መሀላችሁ ቋጥኝ ከገባ 1.6ቱም ኪሎሜትር አይሰራም፣ ሜሪስ ሮክ ጋ ያለው ዋሻ አካባቢ ደሞ አንዱ ገብቶ ሌላው ገና ከመታጠፊያው ሳይደርስ ልትቆራረጡ ትችላላችሁ። ግን እዛ መንገድ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ነው፣ ተራርቃችሁ አትነዱም፣ ቢቆረጥም ከጥምዙ ስትወጡ ይመለሳል። በዛ ላይ አዲስ ነጂ ነሽ፣ ባልሽ 800 ሜትር ጥሎሽ ሚሄድ ከሆነ ችግሩ ከኢንተርኮም አቅም በላይ ነው።

እናንተን መፈተን ያለበት ተራራው ሳይሆን 66 ነው። በ35 ማይል ማንኛውም ኢንተርኮም ጥሩ ይመስላል፣ በ65 እና በ70 ማይል ነው ንፋሱ ድምፁን ሚበላው። ስለዚ ከርቀትና ከሰው ብዛት ይልቅ ስፒከሩን እዩ፣ 40 ሚሊሜትር ስፒከር ያለው ከ32ቱ ይሻላል፣ ሄልሜቱ ውስጥ ቦታ ካለው።

እኔ ብሆን ከታወቀ ብራንድ መካከለኛውን የብሉቱዝ ጥንድ ነው ምወስደው፣ ፍሪኮም 2ኤክስ ወይ 4ኤክስ ወይ የሴናን ተመጣጣኝ። ለየብቻ ከመግዛት ሁለቱ አንድ ካርቶን ውስጥ ያሉበትን ግዙ፣ በዋጋም ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜም እርስ በርስ ተፔርቶ (ተገናኝቶ) ነው ሚመጣው። የተረፈውን ብር አንቺ ሄልሜትሽ ላይ ጨምሪበት፣ ጸጥ ያለ ሄልሜት ከየትኛውም ውድ ኢንተርኮም የበለጠ ያሰማል።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ነኝ። ቦክሰር ሞተር አለኝ፣ ባለቤቴን አፈናጥጬ ቤተሰብ ጥየቃ ሻሸመኔና ወንዶ ገነት እንመላለሳለን። ስታወራኝ አልሰማት ስል አንገቴን አዞራለሁ፣ እሷ ደሞ መንገዱን እይ ብላ ትቆጣለች። እህቴ ከዱባይ ልትመጣ ስለሆነ ኢንተርኮም አምጪልኝ ልላት ነው፣ እስከ ስንት ሜትር ሚሰራውን ልዘዝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትህ ካንተ ምትርቀው ግማሽ ሜትር አትሞላም። ርቀት ሚለውን ቁጥር ጭራሽ አትየው፣ ኪሎሜትሩ ሲጨምር አንተ ለማትጠቀምበት ነገር ነው ምትከፍለው። ዱባይ ላይ እነ ኢጂያስ፣ ፍሪድኮን፣ ሌክሲን ሚባሉ የቻይና ኢንተርኮሞች አሉ፣ ጥንዱ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል፣ ለነጂና ለተፈናጣጭ ይበቃሉ።

ከዛ በፊት ግን አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅህ፣ ለሷ ሄልሜት አላት? በየከተማው ምናየው ነጂው ለብሶ ተፈናጣጩ ባዶ ራሱን ነው፣ አንዳንዱ ደሞ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ሲያይ ነው ሚያደርገው። ብሩ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለሷ ሄልሜት ይገዛ፣ ወሬው ይደርሳል።

ካላት ደሞ አይነቱን እይ። አገጭ ድረስ የተዘጋ ከሆነ በቀጭን ሽቦ ያለው ትንሽ ማይክ ነው ሚያስፈልጋችሁ፣ አገጩ ውስጥ ይለጠፋል። ፊቱ ክፍት ከሆነ በዘንግ ላይ ያለው ማይክ ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው ስፖንጅ ከንፈር ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ይቀርባል፣ እና አብዛኛው ማይክ ወደ አፍ መዞር ያለበት ጎን አለው፣ ምልክት ይኖረዋል፣ በተቃራኒው ከተገጠመ ንፋስ ብቻ ነው ሚያሰማህ። ለእህትህ ሁለቱም ማይክ ካርቶኑ ውስጥ ያለበትን አምጪ በላት። ስፖንጁን ደሞ ትርፍ ታምጣ፣ ሚጠፋው እሱ ነው፣ እዚ ደሞ ፈልገህ አታገኘውም።

ሴቶች ላይ ማንም ማይናገረው አንድ ነገር አለ፣ ፀጉር። ወፍራም ሹሩባ ጆሮ ላይ ካለፈ ስፒከሩን ከጆሮ ይገፋዋል፣ ድምፁ ወዲያው ግማሽ ይሆናል፣ ከዛ ኢንተርኮሙ አይረባም ይባላል። ሹሩባው ወደ ኋላ ተይዞ ጆሮ ነፃ ሲሆን ነው ሄልሜት ሚጠለቀው። ሻሽና ሂጃብ ግን ስስ ከሆነ ችግር የለውም፣ አንድ ድርብ ጨርቅ ድምፅ አያግድም፣ ጆሮ ጋ ተጠቅልሎ እንዳይወፍር ብቻ ነው።

ለክረምት ደሞ አይፒ 67 የተጻፈበት ከተገኘ ጥሩ ነው፣ አቧራ አያስገባም፣ ውሃም ቢሆን አንድ ሜትር ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቋቋማል ማለት ነው። ርካሾቹ ላይ ዝናብ ሚገባው ብዙ ጊዜ በቻርጅ ቀዳዳዋ ነው፣ የላስቲክ ክዳኗን በደንብ ሳትዘጋ አትውጣ። ቻርጁ ተራ የስልክ ቻርጀር ነው፣ መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ ይሞላል።

አንገትህን ማዞር ስታቆም ደሞ እሷ ከጭነት ወደ ረዳትነት ታድጋለች። አንተ ጉድጓዱንና ላሙን ታያለህ፣ እሷ ዘወር ብላ አይሱዙ ከኋላ እየተንደረደረ ነው ትልሃለች። ሻሸመኔ መንገድ ላይ ለዚች አንዷ ነገር ብቻ ብትገዛው አይቆጭህም።

በነገራችን ላይ ከአዲስ አበባ ያንዳችሁም ጥያቄ አልመጣም። ከ2011 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከተከለከለ ወዲህ እዛ ሚነዳው በአብዛኛው ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ሚስቱን አፈናጦ ሽርሽር ሚወጣ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት ነው ምጽፈው፣ 58 ዓመቴ ነው። ጥሩ ነው የተባለ ውድ ኢንተርኮም ለኔና ለባለቤቴ ገዛሁ። ከተማ ውስጥ ጥሩ ይሰማል። አውቶባን ላይ 120 ስገባ ግን ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጌ እንኳን አልሰማትም። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው ወይስ እኔ ነኝ የደነቆርኩት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም አይደለም፣ ዘጠና እጁ የስፒከሩ አቀማመጥ ነው። አሁኑኑ ይሞክሩት፣ ሄልሜቱን ያድርጉ፣ የሚያውቁትን ሙዚቃ በመካከለኛ ድምፅ ይክፈቱ፣ ከዛ በሁለት መዳፍዎ ሄልሜቱን ከግራና ከቀኝ ጆሮ ጋ ጫን ያድርጉት። ሲጫኑት ድምፁ ከፍ ካለና ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ብቅ ካለ ስፒከሩ ከጆሮዎ ርቋል ማለት ነው። ካርቶኑ ውስጥ ክብ ክብ ስፖንጅ አብሮ ይመጣል፣ ብዙ ሰው ይጥለዋል፣ እሱን ከስፒከሩ ጀርባ ደርበው ወደ ጆሮ ያቅርቡት። ቀጥሎ መሀሉን ያስተካክሉ፣ የስፒከሩ መሀል የጆሮዎ ቀዳዳ ፊት ለፊት መዋል አለበት፣ ሄልሜቱ ላይ ያለው ክብ ጎድጓዳ ቦታ እዛ ጋ ነው ብለው አይመኑ፣ የሰው ጆሮ አንድ ቦታ አይደለም ያለው፣ ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሄዶ ነው ሚገኘው። አንድ ሳንቲሜትር ፈቀቅ ማለት በ120 የመስማትና ያለመስማት ልዩነት ነው። ቦታ ጠበበ ብለው ግን ውስጡ ያለውን ነጭ ፎም በቢላ እንዳይቆርጡት፣ እሱ ነው ራስዎን ሚያተርፈው።

ከዛ የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ። አውቃለሁ፣ ለመስማት ጆሮን መድፈን ምን ሚሉት ነው ይላሉ። ግን በሰዓት 100 ኪሎሜትር አካባቢ ሄልሜት ውስጥ ሚገባው የንፋስ ድምፅ ብቻውን 95 ዲሲቤል አልፎ ይሄዳል፣ የአሜሪካው የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ ደሞ 85 ዲሲቤልን በቀን ለ8 ሰዓት፣ 100 ዲሲቤልን ግን ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው ሚመክረው። እርስዎ በዛ ንፋስ ላይ ባለቤትዎን ለመስማት ስፒከሩን ከንፋሱ በላይ ያስጮሁታል፣ ጆሮ በሁለቱ መሀል ተጨናንቆ ቃል መለየት ያቆማል። መድፈኛው ንፋሱንም ድምጿንም አብሮ ይቀንሳል፣ እርስዎ ቮልዩሙን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉ ድምጿ ጠርቶ ይወጣል። ለሞተር ነጂ ተብሎ የሚሸጥ ማጣሪያ ያለው መድፈኛ አለ፣ የአምቡላንስ ሳይረንና ክላክስ ይሰማል፣ ሙሉ በሙሉ ሚዘጋውን የፋብሪካውን አይግዙ።

የደነቆርኩት እኔ ነኝ ወይ ላሉት ግን፣ ብዙ ዓመት ያለ መድፈኛ ነድተው ከሆነ አንዴ የጆሮ ሐኪም ቢያዩ አይከፋም፣ ሳይከፋዎት።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነታንያ ነው ምንኖረው፣ ባለቤቴ ስኩተር ነው ሚነዳው፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ኢንተርኮም ለምን እንገዛለን፣ ሁለታችንም ገመድ አልባ ኢርፎን አለን፣ ስልክ ተደዋውለን እናወራለን ይላል። ይሆናል?

መልስ፦ ከተማ ውስጥ ቆማችሁ ሲሆን ይሆናል፣ ስትነዱ ግን አይሆንም። የኢርፎን ማይክ ጆሮ ጋ ነው ያለው፣ ሄልሜት ውስጥ ሲታፈን ወይ ምንም አይሰማም ወይ ሹሹታ ብቻ ነው። ሄልሜት ስታደርጊ ይወልቃል፣ ስታወልቂ መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ለረጅም መንገድ ደሞ ጆሮን እየጫነ ያሳምማል። ሕግም አለ፣ ፈረንሳይ በፈረንጆቹ ከጁላይ 2015 ጀምሮ ለነጂ ጆሮ ውስጥ ሚገባ ማዳመጫ ከልክላ ሄልሜት ውስጥ የተገጠመ ስፒከርን ግን ፈቅዳለች፣ ካሊፎርኒያም ነጂ ሁለት ጆሮ ላይ ማዳመጫ እንዳያደርግ ትከለክላለች። የናንተን አገር ሕግ ባልሽ አይቶ ይንገርሽ፣ ነጂው እሱ ነው። ለማንኛውም ካርዶ ራሱ እስራኤል ውስጥ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፣ ዕቃውን ሩቅ አትፈልጉትም፣ ለናንተ ርካሹ ስፒሪት እንኳን ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም ኢንተርኮም አለን ግን ብራንዱ ይለያያል፣ ከመጋባታችን በፊት ነው የገዛነው። ማገናኘት ይቻላል? ከዴንቨር

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ዩኒቨርሳል ሚባለውን ፔሪንግ ስትጠቀሙ አንዱ ኢንተርኮም ሌላውን ስልክ ነው ብሎ ነው ሚያስበው፣ ስለዚ የስልኩን ቦታ ይይዝበታል፣ ካርታ ወይ ሙዚቃ ሊቆረጥባችሁ ይችላል፣ ጥራቱም እንደ ስልክ ጥሪ ነው። ለአጭር መንገድ ቻሉት፣ አንዱ ሲበላሽ ግን የሌላውን ብራንድ ግዙና ተገላገሉ። የማን ይቀየር ሚለው ላይ እኔ የለሁበትም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኮም ገጠምን፣ በጣም ጥሩ ይሰማል፣ ችግሩ ባለቤቴ ወሬ አያቆምም። ማይኩ ክፍት ስለሆነ ስትዘፍን፣ ስትበላ፣ ከእናቷ ጋር ስታወራ ሁሉ እሰማለሁ። ከሲያትል

መልስ፦ ቮክስ ሚባለውን ሁነታ ካለው ክፈቱት፣ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ነው ማይኩ ሚከፈተው፣ ክፍት ሄልሜት ላይ ግን ንፋሱ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። የዘፈኑን ነገር ቴክኖሎጂ አይፈታውም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ቃል ተስማሙ፣ "ጠብቂ" ስትላት ፀጥ ሚባልበት፣ መስቀለኛ መንገድ ስትገባ፣ መኪና ስትቀድም፣ ዝናብ ሲጀምር። እሷም ሳትቀየም፣ አንተም ለሌላ ጊዜ ሳትጠቀምበት። ከሁለተኛው ጊዜ በኋላ ወሬ ለማቋረጥ ከተጠቀምክበት ቃሉ ዋጋ ያጣል፣ ያኔ እውነተኛ አደጋ ሲመጣ አትሰማህም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ጥንድ በግማሽ ዋጋ አግኝቻለሁ፣ ልግዛ? ከአትላንታ

መልስ፦ መጀመሪያ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቅ። የብዙዎቹ ባትሪ ከውስጥ የታሸገ ነው፣ እንደ ልብ አይቀየርም፣ አራትና አምስት ዓመት የሠራ ከሆነ አዲስ ሲሆን 13 ሰዓት ይቆይ የነበረው ከሰዓት በኋላ ላይ ዝም ሊልብህ ይችላል። የቻርጅ ቀዳዳዋ ስትነካካት ሚነቃነቅ ነገር ካለ ተወው። ሄልሜቱ ላይ ሚይዘው ማቀፊያ፣ ሁለቱም ማይክና ስፒከሮቹ ሙሉ መሆናቸውን እይ፣ ለየብቻ ሲገዙ ውድ ናቸው። ሻጩ ፊት ወደ ፋብሪካ ሴቲንግ መልሰህ ሁለቱን እርስ በርስ ፔር አድርገህ አንዱን ለሚስትህ ሰጥተህ ፓርኪንጉን ዳር እስከ ዳር ይዛው ትሂድ፣ እየራቀች ስታወራህ እስከ መጨረሻው ካልተሰማህ ብሩን ኪስህ አድርገህ ተመለስ።